ኬላ ላይ የተገጠመው አትሮኖስ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከኬንያ የሰባኪ አትሮኖስ በስጦታ አገኘች። ከሞያሌ አምጣ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ለጉዞ እንዲመች ተፈታትቶ ስለነበር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲጫን የጣውላ ክምር ይመስላል።

አርባ ምንጭ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛው አስወረደው።

"ከውጭ የሚገባ ጣውላ ያለ ፈቃድ አያልፍም፤ ይወረሳል" አለኝ።

"ኧረ ወንድሜ፣ አትሮኖስ ነው!"

"ያለቀለት ዕቃ ከሆነ ያልፋል። ገጥመህ አሳየኛ!"

እኔ አናጢ አይደለሁም፤ ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ ተሳፋሪው ወርዶ አገዘኝ። ሁለት ጊዜ ገልብጠን ገጠምነው፤ በሦስተኛው ቆመልን።

የጉምሩኩ ሰውዬ እንደ ሰባኪ ከአትሮኖሱ ኋላ ቆሞ ነቅነቅ አደረገው። ከዚያ መዝገቡን ዘረጋበትና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሁላችሁም ስሙ! ያለ ፈቃድ ግንድ ማስገባት ክልክል ነው!"

"አሜን!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ነቀዝ ያለበት እንጨት ይቃጠላል!"

"አሜን! አሜን!" አለ ተሳፋሪው በሙሉ።

ሰውየው ሞቅ አለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እጁን እያወናጨፈ ደንቡን አንድ በአንድ ዘረዘረልን። እኛም አንዱንም ያለ አሜን አላሳለፍንም። ሲጨርስ ፊቱ በርቶ "በል እለፍ!" አለኝ።

ልፈታው ስጠጋ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል አማርኛ የማይሰሙ አንዲት የገረሴ ገጠር እናት ቀድመውኝ ሰውየው ፊት ተንበረከኩና አንገታቸውን ደፉ።

"ወገባቸውን ያማቸዋል፤ እንዲጸልዩላቸው ነው" አለች ልጃቸው።

ሰውየው እኔን አየኝ፤ መዝገቡን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ።