ውፍረት የመሰለን ውኃ

መጀመሪያ ያበጠው እግሯ ነው። ልጄ ዘሃራ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ዝናቡ በቀረበት ዓመት ነው፤ ማሽላችን ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ፣ ከብቱም አለቀ። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ነው። ለመንግሥት የርዳታ እህል ተመዝግበን ስንዴ እንቀበላለን፤ ያንኑ ቀቅለን እንበላለን። ለትንሽ ልጅ እሱ ብቻ እንደማይበቃ ማን ነግሮን?

እብጠቱ ከእግሯ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ፊቷ ወጣ። ጉንጯ ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ዘሃራ ወፈረች!» ይላል። እኛም ደስ አለን። ግን አትስቅም። አትጫወትም። ጸጉሯ ሳስቶ ቀላ። ስናጎርሳት ፊቷን ታዞራለች።

ለሕፃናት ወተትና ፋፋ የሚባል የልጆች ዱቄት ይታደላል ሲባል ይዣት ሄድኩ። ከፊቴ ልጁን ታቅፎ የተሰለፈ ሰው ዞር ብሎ አያት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይችን ቅቤ ጠጪ ይዘህ የምን ወተት ፍለጋ ነው? የኔን አጥንት አታየውም?»

ሰው ሳቀ። አስተናባሪውም «የከሱት ይቅደሙ» ብሎ ከሰልፉ አወጣኝ። የሰውዬው ልጅ እውነትም አጥንት ነበር።

ጥላ ሥር ቁጭ እንዳልኩ አንድ ድሬሰር አይቶን መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ የጤና ሠራተኛ ነው። አጎንብሶ አውራ ጣቱን እግሯ ላይ ጫን አድርጎ አነሣ። ጉድጓድ ቀረ። ቶሎ አልሞላም።

«ጋሼ፣ ይህ ሥጋ አይደለም፤ ውኃ ነው» አለኝ። «ክዋሺዮርኮር ይባላል። ረሀብ ነው። እሷም እንደከሱት ናት።»

አቅፌያት ወተቱ ወደሚታደልበት ተከተልኩት።

ወተት በስኳርና በዘይት ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ትጠጣ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ጎደለ። ያ ጉንጭ ሟሸሸ። ከሥሩ የአሮጊት ፊት ወጣ። ባለቤቴ መዲና ጮኸች።

«ዓይን በላት! ያ የሰልፍ ሰውዬ ማሻአላህ ሳይል ነው ያያት። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ከደጅ አትወጣም!»

ወተቱ ቀረ። ብቻዬን ወደ ድሬሰሩ ተመለስኩ። ደክሞታል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ውኃው ወርዶ ነው፤ መክሳቷ መዳኗ ነው» አለኝ። «አሁን ካቋረጣችሁ ግን ትሞትባችኋለች።» የመዲናን ፍርሃት ስነግረው፣ «ዓይን ከፈራችሁ ሸፍናችሁ አምጧት። አፏን ብቻ ግለጡልኝ።»

ለመዲና ነገርኳት።

«አፏን ብቻ?»

«አፏን ብቻ።»

እንዲያ ሆነን፣ እናቷ በሻሽ ሸፋፍና አዝላት፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ፣ በዚያ በቆላው ፀሐይ ስንመላለስ ከረምን፤ ወተቱ ወደ ፋፋ ገንፎ ተቀየረላት፣ እግሯም ቀስ በቀስ መሬት ያዘ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሻሹ ውስጥ እጇን አውጥታ ኩባያውን ከእናቷ ቀማችና ጨርቁን ከፊቷ ገፈፈችው። ሰው ሁሉ አያት። መዲና አልሸፈነቻትም።

አልሐምዱሊላህ፣ ዘሃራ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ከዚያ ሰልፍ ያልተረፈም ልጅ አለ። እህሉን የላኩትን፣ ወተቱን የበጠበጡትን፣ ፍርሃታችንን ያልናቀውን ያን ድሬሰር አላህ ይስጥልኝ።

በችግር ጊዜ ልጃችሁ ድንገት የወፈረ ከመሰላችሁ ማሻአላሁን በሉ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን እግሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንሡ። ጉድጓዱ ከቀረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።