ይቅርታ የጠየቅኩበት ትክክለኛ መልስ

ልጅ እያለሁ በትንሿ ከተማችን እጃጂ ውስጥ ፊዚክስ የሚገኘው ቪዲዮ ቤት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። ኦቦ ለሚ ኳስ የሚያሳይበት የቆርቆሮ ቤት ከእኛ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። ጨዋታው ለዕረፍት ሲወጣ ሰው እንዳይበተንበት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጁ በፍላሽ የጫነለትን የሳይንስ ቪዲዮ ይከፍታል። እኔም ያንን ሰዓት ጠብቄ በአጥሩ ቀዳዳ እሾልክና ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። የረጠበ ጃኬትና የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ቀን አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የብረት ኳስና የወፍ ላባ ከላይ ሲለቀቁ አየን። እኩል ወረዱ! እኩል መሬት ነኩ! ኦቦ ለሚ እንግሊዝኛው ባይገባውም "ኢላላ! እዩት እንጂ!" እያለ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አሳየን። ለኳሱ የመጡት ሾፌሮች ሳይቀሩ ሲከራከሩ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በሳምንቱ የፊዚክስ መምህራችን "ድንጋይና ወረቀት ብንለቅ የቱ ይቀድማል?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ድንጋይ!" አለ። እኔ ብድግ ብዬ "አየር ከሌለ እኩል ነው የሚወርዱት ቲቸር" አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሱ ግን አልሳቀም። "የት አየሽው?" አለኝ። ምን ነበረበት "መጽሐፍ ላይ" ብል? ሞኟ እኔ "ኦቦ ለሚ ቪዲዮ ቤት" አልኩታ!

አለቀልኝ። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት! ጠጠር ላይ አንበርክኮኝ ዋለና "ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ" አለ። አባቴ የጤና ጣቢያ ሠራተኛና የቸርቻችን ሽማግሌ ነው፤ ለእሱ ቪዲዮ ቤት የኃጢአት በር ነው። ጉልበቴ አላስጨነቀኝም። የፈራሁት ያቺ ቀዳዳ እንዳትዘጋብኝ ነው።

በማግስቱ አባቴ ሁሉን ከሰማ በኋላ "ለመሆኑ ያለችው ነገር ትክክል ነው?" ብሎ ጠየቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መምህሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ "ትክክልስ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሰማችበት ቦታ ነው" አለ። ያውቅ ነበር! ጠጠር ላይ ሲያንበረክከኝ ልክ መሆኔን ያውቅ ነበር! አሁን አባቴ ይቆምልኛል ብዬ ቀና ስል እሱው ራሱ "ክፍል ግቢና ሁሉንም ይቅርታ ጠይቂ" አለኝ። ጠየቅኩ። ያ ሁሉ ልጅ እያየኝ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ልክ በመሆኔ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀዳዳዋም የዚያኑ ቀን በቆርቆሮ ተመታች። ከዚያ በኋላ በዚያ መምህር ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ዛሬ ታናሽ እህቴ እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ናት። ያው መምህር ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ የፊዚክስ ቪዲዮና ጌም ይልክላቸዋል፤ ሰዉም "እንዴት ያለ ጎበዝ መምህር ነው!" ይለዋል። አባቴ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛላት አብሯት ቁጭ ብሎ ያያል። ባለፈው ደውሎ "አንቺ፣ ፊዚክስ ለካ እንዲህ ደስ ይላል!" ብሎ ሲስቅ ደሜ ፈላ።

"አባዬ፣ እኔን ለዚሁ ነገር ይቅርታ አላስጠየቅከኝም?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "መቼ?" አለኝ። ከልቡ ነው፤ አያስታውስም።

በእህቴ ደስ ይለኛል፣ ሙች። ግን በዚያ ነገር እስካሁን ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።