«አባታችን ሆይ» የማትል ልጅ

ሞጣ ከምኖርበት ቤት ጎን ማር የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ባለፈው ሳምንት ከጤና ጣቢያው ስመለስ ግቢያቸው ውስጥ ሰም ያቀልጡ ነበር። ሽታው አጥሩን ዘሎ መንገድ ላይ አቆመኝ፤ ማር ማር የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ሐጂ «ምነው ሲስተር፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነበርኩ። ብቻ በሐሳብ ቢቸና ገብቼ ነበር፤ ግራጌታ ላቀው ደጅ።

ልጅ ሳለሁ ግራጌታ ላቀው ጎረቤታችን ነበሩ። በደብራችን ማኅሌት ይቆማሉ፤ በቀረው ጊዜ ጧፍ ይሠራሉ። ረጃጅም የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም እየነከሩ፣ በመዳፋቸው እያሹ፣ ከቤታቸው ማገር ላይ ያንጠለጥሉታል። አጠገባቸው ሁልጊዜ በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ሬዲዮ አለ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ይበልጣል የሚባል አንድ ልጃቸው ደግሞ መተማ ወርዶ እዚያው ቀርቷል ይባል ነበር።

አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ዱቄት ለብሶ ሲመጣ እኔና እናቴ ገና ከበሩ እናዳምጠዋለን። ካሳለ ሰላም ነው። ዝም ብሎ ከገባ ቀበቶው ይፈታል። በምን ጥፋት እንደምንመታ እኔም እናቴም አናውቅም ነበር።

እሑድ እሑድ ግራጌታ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ጸሎት ያስተምሩናል። ሁሉም «አባታችን ሆይ» ብሎ ሲጀምር እኔ አፌን ገጥሜ እቆይና «በሰማያት የምትኖር» ሲባል እቀላቀላለሁ። ማንም ያወቀብኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ሲበተኑ አስቀሩኝ።

«ታንጉት፣ እነዚያ ሁለት ቃላት ምን በደሉሽ?»

«እናታችን ቢሆን ኖሮ እል ነበር» አልኳቸው።

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ይሁን፤ ከሚቀናሽ ላይ ጀምሪ» ብለው አሰናበቱኝ።

ልደት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ምእመናን ያዋጡት ሰም በሙሉ በትልቅ ብረት ድስት እሳት ላይ ተጥዶ ነበር። ግራጌታ ፈትል ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔ ወርቅ የመሰለውን ፈሳሽ ለማየት የድስቱን ጆሮ ሳብኩት። ተገለበጠ። ሰሙ ከአመድና ከአፈር ጋር ተለወሰ። ሮጥኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ጀርባ ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፃቸው መጣ። «ታንጉት! ታንጉትዬ!» ቅጠሉን እየረገጡ፣ እያነከሱ። አጠገቤ ሲደርሱ ራሴን በሁለት ክንዴ ሸፈንኩ።

«አልመታሽም ልጄ። እጅሽን አሳዪኝ። ሰሙ ነክቶሻል ወይ?»

የእጄ አንጓ ላይ ተቃጥዬ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠው እፍ እፍ አሉልኝ። ሰፈሩን ሁሉ ዞረው ወንዙ ድረስ ወርደው ነበር።

«ሰሙስ?» አልኩ።

«ሰም ይገዛል።» ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ቀጠሉ። «እኔም ልጄን እመታ ነበር። ዜማ ሳተ ብዬ፣ ዘገየ ብዬ፣ እንዲሁም። አንድ ቀን ጥሎኝ ሄደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ ስሚኝ፤ እግዚአብሔርን በአባትሽ አትለኪው። በእኔም አትለኪው። እኛ ነን በእሱ የምንለካው፤ ስንለካም አጥረናል።»

ቤት አድርሰውኝ አባቴን «ልጅቱ የተጎዳችው በእኔ ቤት፣ በእኔ ጥፋት ነው» አሉት። የዚያን ቀን ቀበቶው አልተፈታም። ሌላ ቀን ተፈቷል። በበዓሉ ጧፉ አንሶ ካህናቱ ሲያጉረመርሙም «ከእጄ ፈሰሰ» ብለው አለፉት።

እነዚያን ሁለት ቃላት በዚያው እሑድ አላልኳቸውም። ጾሙ ገብቶ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ሳላስበው ከልጆቹ ጋር አብረው ወጡ። ግራጌታ ዘወር ብለው አላዩኝም። የቀረውን ጸሎት ግን ቀስ አድርገው ነው ያደረሱት።

ሲሞቱ ደብረ ማርቆስ የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። በእረፍቴ እየመጣሁ አስታምሜያቸው ነበር፤ ለቀብርም መጣሁ። ከለቀስተኛው ራቅ ብሎ አንድ ጠቆር ያለ ጎልማሳ ቆሟል። ይበልጣል ነው አሉኝ። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣ።

«ሲያስታምሙት ከነበሩት አንዷ አንቺ ነሽ አሉ። መትቶሽ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

«እኔን ይመታኝ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

ቀና አለ። «እሱ ራሱ?»

«ራሳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው አሉኝ።»

ለእኔ የተነፈገው ለአንቺ ተሰጠ ብሎ የሚቀየመኝ መስሎኝ ፈራሁ። እሱ ግን በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠርጎ «እንኳን አንቺን አልመታሽ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ለካ እህት ነበረችኝ።»

ዛሬ ይበልጣል ቢቸና በአባቱ ቤት ይኖራል። ዓውደ ዓመት ሲደርስ በሚኒባስ ሞጣ ይመጣል። ልጆቼ «አጎታችን መጣ!» እያሉ በሩን ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ። በየት በኩል አጎት እንደሆናቸው ጠይቀውኝ አያውቁም።