ጠጉሬን የላጨኝ ሰው

አባቴ ከተገደለ ጀምሮ ምላጭም መቀስም ራሴን አልነካውም። በእኛ አገር የአባቱን ደም ያልመለሰ ወንድ ጠጉሩን አይላጭም፤ ሠርግ ቤትም ደፍሮ አይገባም። እኔ ደግሞ ደብረ ታቦር ከተማ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ "ጓድ፣ ይህ ጠጉር ለተማሪ ምን ምሳሌ ይሆናል?" እያለ ነዘነዘኝ። ስለት አለብኝ ስለው የባሰ ተቆጣ፤ ዘመኑ የደርግ ነው፣ ስለት የሚባል ነገር አይወድም። ተማሪዎቼ "ባሕታዊው" ብለው ስም አወጡልኝ። እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱ አንድ ሰው መግደል የሚጠበቅብኝ መሆኑ ነበር።

አባቴ የሞተው ከይፋግ ገበያ ሲመለስ ነው። በሬ ሸጦ በቅሎው ላይ ተቀምጦ ሲመጣ አንድ የጉና ሰው መንገድ ላይ አገኘው። አብሮት ሲጓዝ ውሎ፣ አባቴ ከስንቁ የቆረሰለትን በልቶ፣ ወንዝ መሻገሪያው ላይ በዱላ መትቶ ገደለው። ገንዘቡንና በቅሎዋን ይዞ ሄደ። ጨካኝ እንጂ ብልህ አልነበረም፤ ወር ሳይሞላ በቅሎዋን ደብረ ታቦር ገበያ ሊሸጥ አወጣት። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተሰነጠቀ ነው። ጎረቤታችን ጆሮዋን አይቶ ኡኡ አለ፣ ሰውየውም ተያዘ። በቅሎዋ ኤግዚቢት ሆና ስንት ወር ከፖሊስ ጣቢያ ከርማ ከስታ ተመለሰችልን።

ጎንደር ባስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ሲነበብ እኔ፣ እናቴና አጎቴ ከፊት ተቀምጠን ነበር። አጎቴ "እሰይ!" ብሎ ጮኾ ፖሊስ ገሠጸው። እኔም በልቤ እሰይ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ዞር ስል ግን እናቴ ከጎናችን የለችም። ከኋላ አግዳሚ ጫፍ ላይ የገዳዩ ሚስት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ እናቴ አጠገቧ ሄዳ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ እየፈታች ትሰጣታለች።

"ስንት ወርሽ ነው?" ስትላት ሰማሁ።

"አምስት ገባኝ፣ እትዬ።"

አጎቴ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እናቴን አላናገራትም።

ፍርዱ መፈጸሙን የሰማነው ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ፤ ጠጉሬን ለመላጨት አሰብኩ። አጎቴ ግን በማግሥቱ መጣ፤ ጠመንጃ ሲሰበሰብ ከመንግሥት ደብቆ ቀብሮት የነበረውን ምንሽር በጋቢ ጠቅልሎ።

"እሱን የገደለው መንግሥት ነው፣ ለራሱ ሕግ ብሎ። የኛ ደም ገና መሬት ላይ ነው። ሰውየው ወንድም አለው።"

"አጎቴ፣ ፍርድ እኮ ተፈርዷል። የውሳኔው ግልባጭ እጄ ላይ አለ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" አለኝ። "ሚስትየዋ ሴት ልጅ ወልዳለች። የክርስትናዋ ለት የልጅቱ አጎት አይቀርም፤ መንገዱ ላይ ጠብቀው።"

ወረቀቱን አሸንፎ የወጣው ግን የአጎቴ ስድብ አይደለም፤ የራሴው ቁጣ ነው። አባቴ እንጀራውን ቆርሶ ያበላው ሰው ነው የገደለው። ምንሽሩን ተቀበልኩ። እናቴ ከሳምንት በፊት ጉልበቴን አሞኛል፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልግባ ብላ በቅሎዋን ይዛ ሄዳለች። የሚያየኝ የለም ብዬ ደስ አለኝ።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። በሰማንያኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጉና ሥር ካለችው ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ጀርባ ተኛሁ። ጠመኔ የለመደ እጄ በብርድ ደንዝዟል። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ ያለው የተሰነጠቀ ጆሮ ነው።

የአባቴ በቅሎ! ላይዋ የተቀመጠችው ሕፃን ያቀፈች የገዳዩ ሚስት ነች። ልጓሙን የያዘው ያ ልገድለው የመጣሁት ወንድምየው። እናቴ ደግሞ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ፣ ከኋላ በእግሯ ትሄዳለች። ንዴት ዓይኔን ጋረደው። አነጣጠርኩ።

በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠረኔን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ወደ ቁጥቋጦው ዞራ አናፋች። ወንድምየው ቢጎትታት አልነቃነቅ አለች። እናቴ አንዴ በቅሎዋን፣ አንዴ ቁጥቋጦውን አየች።

"ልጄ፣ ውጣ፤ ብርድ ይመታሃል" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ከነጠመንጃዬ ወጣሁ። ሴትየዋ ልጇን በጋቢዋ ሸፈነች። ወንድምየው ማን እንደሆንኩ ገባው፤ አልሮጠም። ልጓሙን ለቀቀና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በጉልበቱ ወደቀ፤ በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው።

"እማዬ፣ ወንዛዬ ልግባ አላልሽም?"

"ዋሸሁህ። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ገዳዩን መንግሥት ወሰደው፤ ይችን ማን ያሳድጋት? ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት። ከአበልጅ ጋር ደም የሚቃባ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

አላውቅም። አጎቴም አያውቅም። በእኛ ዘንድ ወንድሙን የገደለ አለ፣ አበልጁን የገደለ ግን የለም። ጥይቱን አውጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ድንጋዩንም ከሰውየው ማጅራት ላይ አነሣሁት። ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቴ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ስለ ልጅቱ ሰይጣንን ካደች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነች። ልጅቱ ውሃው ሲነካት እሪ አለች። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት፤ አባቴ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እቤታቸው ደርሰን እህል ከቀመስን በኋላ እናቴ ጠጉሬን አየችና "ይህን ጉድ ላጩልኝ" አለች። የመንደሩ ራስ ላጪ ማን ኖሯል? ወንድምየው። ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን በውሃ አራሰው፣ ምላጩን ሳለ። አንገቴን አጎንብሼ ሰጠሁት። ጠጉሬ እግሬ ሥር መውደቅ ሲጀምር ምላጩ ማጅራቴ ላይ ቆመ። ሲያለቅስ ሰማሁት። ደም አልወጣኝም።

"አይዞህ" አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

እሱም ላጭቶ ጨረሰኝ።