ሬዲዮውን የማይቀንሱት ሾፌር

በዚያ ሰሞን ከተማው በሙሉ አንድ ወንጀለኛ ያሳድድ ነበር። ዝናቡ ሲጠበቅ ይቀራል፤ ተስፋ ሲቆረጥ ደግሞ ሳይጠሩት መጥቶ ጎዳናውን ወንዝ ያደርገዋል። ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ያላምጠዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው ማነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ አንድም ሰው አልተገኘም። የቤቱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ የማያስታውስ ሁሉ፣ የሰማዩን ቁልፍ ማን እንደሰረቀው ጠንቅቆ ያውቃል። ሌባው ደግሞ ምንጊዜም አንድ አድራሻ አለው፤ ጎረቤት ነው።

ሬዲዮ ጣቢያውም እንዲህ ያለው ገበያ እንዲያመልጠው አልፈለገም። «የአየር ንብረቱን ማን አበላሸው?» የሚል ርዕስ አወጣና ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ለሕዝብ ከፈተ።

ስልኩን የምታነሳው ሴት የምትቀመጠው ከስቱዲዮው በአንድ መስተዋት በተለየች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት የስልክ መስመር፣ ሦስት ቀይ መብራት፣ አንድ ማራገቢያ። ማራገቢያው ፕሮግራሙ ሲጀምር ይጠፋል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ድምፁ አየር ላይ ይገባል ተብሎ። ስለዚህ ከተማው ስለ ሙቀት በሚነታረክበት ሰዓት እንደ እሷ የሚቀቀል ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አገሩ ሁሉ «ቀንሱ» ይላታል። ሰው ሬዲዮውን ከፍቶ ወደ ሬዲዮ ሲደውል የገዛ ድምፁ ዞሮ በስልኩ ይገባና፣ ስቱዲዮው ውስጥ ጅራቱን በር የቆረጠው ድመት ያለ ይመስል እሪ ይላል። እሷም ስልኩን ባነሳች ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ሬዲዮዎን ይቀንሱ» ትላለች። ይህንኑ እያለች ጸጉሯ ሸበተ። ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «ቀንሱ፣ ደህና ነሽ? ዋጋ ግን አልቀንስም!» ትላታለች።

ደዋዩን ለአዘጋጁ የምታስተዋውቀው በመስተዋቱ በኩል በእጇ ነው። የምታነሳው ጣት የመስመሩ ቁጥር ነው። ጉንጯን ከነፋች ሰውየው ወሬ አያልቅበትም፣ ቶሎ ቁረጠው ማለት ነው። አውራ ጣቷን ወደ አፏ ካስጠጋች ጠጥቷል። ጣቷን ጆሮ ግንዷ ላይ ካሽከረከረች ደግሞ ሰውየው ነካ ያደርገዋል። አዘጋጁ ከምልክቶቹ ሁሉ ይህችን የመጨረሻዋን ይወዳታል። «ወርቅ ጉሮሮ» ይሉታል፤ ድምፁ በእርግጥ ወርቅ ነው፤ ከድምፁ ጀርባ ምን እንዳለ ለማየት የሞከሩ ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የዋህ ደዋይ ሲያገኝ እንደ ድመት ነው የሚጫወትበት። ሰኞ ዕለት «ሰማዩ ያረጀ ይመስለኛል» ያሉትን አሮጊት፣ «እማማ፣ እርስዎና ሰማዩ እኩያ ናችሁ?» ብሎ ከተማውን በሳቅ አፈረሰው። አሮጊቷ ስልኩን ሳይዘጉ ዝም ብለው ቆዩ። ያንን ዝምታ የሰማችው ስልክ አንሺዋ ብቻ ናት።

የሕዝቡ አስተያየት ግን ጎረፈ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ «ወጣቱ ነው! ሌሊቱን ሲጨፍር ያድራል፣ ሰማዩ በምን ሰዓት ይረፍ?» አለ። አንድ ተማሪ፣ «ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ በልተው ጨርሰው ሳህኑን ለእኛ ተዉልን» አለ። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ስም፣ የቤት ቁጥርና ፕላስቲክ የምታቃጥልበትን ሰዓት ሳይቀር ሰጠች። አንዱ ብልህ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ «ድሮም እንዲህ ነበር» እና «እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም» ካለ በኋላ፣ ሁለቱንም በማስረዳቱ ረክቶ ዘጋ።

ከደዋዮቹ መካከል ግን አንዱ ስልክ አንሺዋን እንቅልፍ ይነሳት ነበር። አባቷ ናቸው።

አባቷ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሷ ጋ ነው የሚኖሩት። የግራ ጆሯቸውን ሞተሩ ወስዶት ቀርቷል፤ በቀኙ ሬዲዮ ይሰማሉ፤ እሳቸው ሬዲዮ ሲሰሙ ሦስተኛው ቤት ያለውም ወዶም ሆነ ተገዶ ይሰማል።

«ሃሎ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ።»

«ምን?»

«ሬዲዮ! ይቀንሱ!»

«ከቀነስኩትማ የምትሉትን በምን ልሰማው?»

«አባዬ? አንተ ነህ?»

«ማን መሰለሽ? አስገቢኝ፣ የምናገረው አለኝ።»

«ምን ልትል ነው?»

«አንቺን ምን አገባሽ? ለሕዝብ ነው።»

ይህን ጊዜ ስልኩ እሪ ይላል፤ እሷም ትዘጋለች። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር «ሬዲዮውን አጥፋና ደውል» ብሎ ማስረዳት ከባድ አልነበረም። እሷ ግን ያንን ጩኸት ከልቧ ታመሰግነው ነበር። አባቷ አውሮፕላን እንደማይወዱ ታውቃለቻ! አውሮፕላን ጭነት መሸከም ከጀመረ ወዲህ የሰማዩን ደመና ሁሉ የቀደደው እሱ እንደሆነ ራት ላይ ስንቴ ምለው ነግረዋታል። ይህንን ለወርቅ ጉሮሮ ቢነግሩትስ? ድመቱ አይጥ ሳይሆን ጮማ አገኘ ማለት ነው። መንደሩም ዓመቱን ሙሉ «የቀንሱ አባት ደመና ሰፉ ወይ?» እያለ ሊሳለቅ ነው።

ሐሙስ ማታ ራት እየበሉ አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ነገ የመጨረሻው ቀን ነው አይደል?»

«አዎ አባዬ።»

«ነገ ካላስገባሽኝ እንግዲህ ተይው። እኔም ከእንግዲህ አልደውል። ስልኩንም ንቀይውና ለሚጠቅመው ስጪው።»

«አባዬ፣ ሬዲዮው እኮ ነው የሚያስቸግረው—»

«ሬዲዮው አይደለም» አሏት፤ ድምፃቸው ለወትሮው እንደሚጮኸው አልጮኸም። «ዕድሜዬን ኬላ ላይ ቆሜ ነው የጨረስኩት። 'ወረቀትህ ጎድሏል' የሚለኝ ሰው ወረቀቴን ይሁን መልኬን የጠላው፣ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። አንቺ በእኔ ታፍሪያለሽ።»

«አላፍርም» ልትል ነበር፤ ግን ውሸት እንዳትናገር አድርገው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ከዚህ በላይ አልጠየቁም፤ ሳህናቸውን አንስተው አጥበው ሄደው ተኙ።

አርብ ዕለት ስቱዲዮው ውስጥ አንዲት የአየር ጠባይ ባለሙያ ተጋብዛ ነበር፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ፣ ስለዚህም ለሬዲዮ የማትሆን ሴት። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ስናቃጥል፣ ደን ስንጨፈጭፍ የሚወጣው ጋዝ ሙቀቱን እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ አፍኖ እንደሚይዘው በሚገባ አስረዳች። ሕዝቡም በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ አሁን በበቂ ማስረጃ ታጥቆ፣ መልሶ ጎረቤቱን ከሰሰ።

«እሰይ! ነዳጅ ነው!» አለ የመለዋወጫ ነጋዴው። «ሞተር ሳይክል የሚነዳው ማነው? ወጣቱ አይደለም?» መለዋወጫውን ለወጣቱ የሚሸጠው ማን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

«ትልልቆቹ አገሮች ናቸው፤ እኛ ምን አደረግን?» አለ ሌላው።

«ድርሻው እኩል አለመሆኑ እውነት ነው» አለች ባለሙያዋ። «አብዛኛው የእነሱ ነው። ሆኖም—»

«እንግዲህ እኛ ነጻ ወጣን!» አለ ወርቅ ጉሮሮ፤ «ሆኖም»ን የሚወድ አድማጭ አይቶ አያውቅም።

ሁለተኛው መብራት በራ።

«ሃሎ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

አባቷ ናቸው። ከኋላቸው ምንም ድምፅ የለም። ጩኸት የለም፣ ዜማ የለም፣ የወርቅ ጉሮሮ ድምፅ እንኳ የለም። ያ ሬዲዮ ሲጠፋ ሰምታ አታውቅም፤ እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ያቺን የደህና ቀን ጃኬታቸውን ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው ስልኩን ይዘው ታዩዋት።

ሁለት ጣቷን አነሳች። ወርቅ ጉሮሮ ቅንድቡን ሰቅሎ ጠበቃት፤ ሰካራም? ወሬኛ? ነካ ያደርገዋል? እሷ ግን መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። ግራ ተጋብቶ መስመሩን ከፈተው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ሾፌር ነኝ።»

«የምን ሾፌር?»

«የጡረታ።»

«እሺ አባት፣ በእርስዎ አስተያየት የአየር ንብረቱን ያበላሸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ወርቅ ጉሮሮ ከንፈሩን ላሰ። «ዓለሙን ሁሉ ብቻዎን ነው ያሞቁት?»

«ብቻዬንማ አይደለም፤ እሜቴ ነበረች።»

«ባለቤትዎ?»

«መኪናዬ! እሜቴ ነበር የምላት። ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ለሚከተል ሰው በጠራራ ፀሐይ ይመሽበት ነበር። ስንቱን ዳገት እንዳጠቆርነው ፈጣሪና እሜቴ ያውቃሉ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳምንቱን ሙሉ ስሰማችሁ ሰነበትኩ። ሁሉም 'እኔ የለሁበትም' ይላል። ወራሽ ሁሉ የሸሸው ውርስ በዕድሜዬ ይኸ የመጀመሪያው ነው። እኔ ድርሻዬን ስጡኝ ልል ነው የደወልኩት።»

ስቱዲዮው ውስጥ ሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልወጣም።

«አባት» አለች ባለሙያዋ በቀስታ፣ «የአንድ መኪና ድርሻ እኮ በጣም ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ትሁን የኔ ናት፣ ልጄ። ትልልቆቹም የእነሱን ይውሰዱ፤ አልማርኳቸውም። ግን የራሴን ደብቄ የእነሱን ብጠይቅ ማን ይሰማኛል?»

«ታዲያ ይጸጸታሉ?» አለ ወርቅ ጉሮሮ፤ ቢያንስ እንባ ባገኝ ብሎ።

«ማን? እኔ? እሜቴን አመሰግናታለሁ እንጂ! አራት ልጆች ያሳደገችልኝ እሷ ናት። አሁን ስልክ የምታነሳላችሁ ልጅ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ጭስ ነው። የበላሁበትን ወጭት አልሰብርም። ወጭቱ ጥላሸት ነበረው ወይ ካላችሁኝ ግን፣ ነበረው፤ አልክድም። የዛሬ ልጆች የተሻለ ካገኙ በተሻለው ይብሉ። ይኸው ነው።»

ከመስተዋቱ ወዲያ ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ላቡ ከግንባሯ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠልጥሏል። ላብ ብቻ ነው ብትል የሚከራከራት አልነበረም።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ አባት?»

«አዎ። ያቺን ማራገቢያ ክፈቱላት። ማታ ማታ ራሷን እያመማት ነው የምትገባው።»

ወርቅ ጉሮሮ ጥቂት አሰበ። ይመሰገናል፤ ማሰብ ልማዱ አልነበረም። ከዚያ ጣቱን አንስቶ አሽከረከረ፤ ጆሮ ግንዱ ላይ አይደለም፣ በአየር ላይ፣ ልክ እንደ ማራገቢያ። ክፈቺው ማለቱ ነው። ከፈተችው። እሱም ቅዝቃዜው ሳይሆን ድምፁ እየደረሰው፣ በዚያ «ግርርር» ላይ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው መራው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ልቡ ተለወጠ የሚል ካለ ቀጣፊ ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ደውሎ «የእኔስ ምድጃ? እኔንም ከሾፌሩ ጎን ጻፉኝ» አለ። የመለዋወጫ ነጋዴው ደውሎ ሾፌሩን አመስግኖ ወጣቱን ወቀሰ። ሌሎቹ ሁሉ የደወሉት «ምንድነው ሬዲዮው ላይ የሚያጓራው?» ሊሉ ነበር። እሷም ለእያንዳንዳቸው «ሬዲዮዎን ይቀንሱ» አለቻቸው።

ቤት ስትገባ አባቷ ጃኬታቸውን አላወለቁም፤ ሬዲዮውም እንደጠፋ ነው።

«እንዴት ነበር?» አሏት።

«አልሰማኸውም?»

«ቀንሱ ስትዪ አጠፋሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሬዲዮውን እንደገና መክፈት ፈራሁ። ቢስቁብኝስ ብዬ።»

ከከተማው ሕዝብ መካከል ያንን በሬዲዮ ያልሰማ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወንበር ስባ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተቀመጠችና ከ«ሾፌር ነኝ» ጀምራ እስከ ማራገቢያው ድረስ በእሳቸው ድምፅ፣ በባለሙያዋ ድምፅ፣ በወርቅ ጉሮሮም ድምፅ አንድ ቃል ሳታጎድል ተጫወተችላቸው።

«አልሳቁም?»

«አልሳቁም። አባዬ፣ የፈራሁት እሱ እንዳይስቅብህ ነበር። ትንሽም አፍሬ ነበር፤ አውሮፕላኖቹን ልታነሳ መስሎኝ።»

«አውሮፕላኖቹንማ ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።»

«አባዬ፣ አመሰግንሃለሁ። ለእሜቴም፣ ለማራገቢያውም።»

አባቷ በጣታቸው ጠረጴዛውን ሲዳስሱ ቆዩና፣ «ድምፄስ? ያምር ነበር?» አሉ።

«እንደ እሜቴ።»

«ቁልቁለት ላይ ወይስ ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ።»

ሳቁ፤ ያ ሳቅ ሳልም ነበረበት፣ ማርሽም ነበረበት። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ሬዲዮውን እስከ ጥጉ ከፈቱት። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ሦስተኛው ቤት ያለችው ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ ቀንሱ!» አለች።

ስልክ አንሺዋ ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና ዕድሜ ልኳን ብላው የማታውቀውን መልስ ሰጠቻት፦

«አንቀንስም!»