መጋረጃውን የከፈተችው ሴት

ኮሮናው ሊመጣ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ እስራኤል አገር፣ ከቂርያት ማላኪ ከተማ እየተመላለስሁ ገዴራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መዋያ እሠራ ነበር። ከሠራዊቱ ከወጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። አብራኝ የምትሠራው ሴት ከያቭነ የምትመጣ፣ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም የማታንስ ነበረች። እትዬ እላታለሁ።

ከሚውሉት መካከል ከጎንደር የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጆሯቸው ንቁ ነው፤ ማስታወስ ግን እየከዳቸው ሄዷል። ጠዋት ደህና ይሆኑና ቁርስ እንደተነሳ ይጨነቃሉ። የወንበሩን መደገፊያ ጨምድደው ይዘው፣ "እባብ ነው! ልጆቹን አውጧቸው!" ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ልጅም እባብም የለም። ኃላፊያችን መጋረጃውን ዘግተን ለስለስ ያለ ሙዚቃ እንድንከፍት ነገረችን። ከፈትን፤ እሳቸው ግን ባሰባቸው። እኔም እጃቸውን ይዤ "ኧረ እባብ የለም፣ እማማ" እያልሁ ሳባብል ሳምንት አለፈ።

አንድ ቀን እትዬ ሙዚቃውን አጠፋችና ከአሮጊቷ ጎን ቁጢጥ ብላ አዳመጠች። ቆይታ ወደ እኔ ቀና አለች።

"ልጄ፣ ይሰማሻል?"

"ምኑ?"

"ስስስ የሚለው። እሳቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት።"

እውነትም ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ሣሩን የሚያጠጣው እየዞረ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ነው። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይከፈታል፤ እኛ ከመልመዳችን የተነሳ አንሰማውም። እትዬ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገፋችና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"ይዩት እናቴ፣ ውሃ ነው።"

ውሃው ወደ መስኮቱ ሲዞር ስስስ ይላል፤ ሲርቅ ድምፁ ይሳሳል። አሮጊቷ በዓይናቸው ተከተሉት። መጀመሪያ ጣቶቻቸው ላላ አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው ወረደ።

"ውሃ ነው ለካ!" አሉ። "እንዴት ያምራል!"

ኃላፊያችን ገብታ አየቻቸው። "ፀሐዩስ?" አለች በዕብራይስጥ።

"ሲበረታ ወንበሩን ፈቀቅ አደርገዋለሁ" አለች እትዬ።

"ቤሰደር፣ ይሁን" አለችና ቆማ አብራ ታይ ጀመር።

ያን ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "እትዬ፣ ይህን ከየት ተማርሽው?" አልኋት። እኔ ኮርስ ወስጄ ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት፤ እሷ ከፋብሪካ።

"ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ስሠራ ማሽኑ ከጀርባዬ ነበር" አለች። "በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። አለቃውን ለምኜ ጠረጴዛዬን አዞርሁት። ጩኸቱ ያው ነው፤ ግን ማሽኑ ሲነሳና ሲወርድ እያየሁት ስለሆነ ልቤ ረጋ።"

እንዲህ ቀለል አድርጋ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን በሌላ ዓይን አየኋት። ሁላችንም አሮጊቷን ዝም ለማሰኘት ስንደክም፣ የሰሙትን ለመስማት የተቀመጠችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ኃላፊያችን መጀመሪያ ከእትዬ ጋር እንዲውል ታደርግ ነበር። እኔም ሰው ሲጨነቅ ከማባበሌ በፊት አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮ መስጠትን የለመድሁት ከእሷ ነው።