ከካርታው የቀረው የቆስጣ ማሳ

ልጅ እያለሁ ጂኦግራፊ የሚሸተው ዘይት ዘይት ነበር። ነጭ ወረቀት ዘይት ቀብተን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ የመማሪያ መጽሐፉ ካርታ ላይ አንጥፈን እንገለብጥ ነበር። ለዚህ ሲል ከእናቱ ጓዳ ዘይት ሰርቆ ያልተቆነጠጠ የእኔ ዘመን ተማሪ ካለ፣ እሱ ጂኦግራፊ አልተማረም። የዓባይን መታጠፊያና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዓይኔን ጨፍኜ እስል ነበር፤ ከትምህርት ቤታችን በታች ያለው ወንዝ ወደየት እንደሚፈስ ግን ብጠየቅ አላውቅም ነበር።

ይህን እንደ ነውር ያዩት የዘጠነኛ ክፍል መምህራችን ቲቸር መስፍን ነበሩ። ኮታቸው ከጠመኔ ብናኝ ነፃ ሆኖ አያውቅም። «ጂኦግራፊ በእግር እንጂ በመቀመጫ አይማሩትም» ይሉና እኛ በሳቅ ስንፈርስ እሳቸው ፈገግ እንኳን አይሉም። አንድ ጠዋት ኳስ ሜዳው ላይ መቶ ሜትር ገመድ ዘርግተው ሁላችንንም በየተራ አስኬዱን። የእያንዳንዳችን እርምጃ ስንት እንደሚሆን ቆጥረን ደብተራችን ላይ ጻፍን። እኔ አጭር ስለሆንኩ መቶ ሃምሳ መጣልኝ። አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጫልቱ እግረ ረጅም ናትና በመቶ ሃያ አምስት ጨረሰችው።

የመስክ ሥራው ከመቶው ሠላሳ የሚያዝበት ነበር። በአራት በአራት ተከፋፍለን፣ ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተን ወደ ድልድዩ መውረድ፣ ወንዙን ይዘን መሄድ፣ ከዚያ በሌላኛው መንገድ ወጥተን እዚያው በር ላይ መመለስ። አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክተን ካርታ መሥራት። ትምህርት ቤቱ ያለው ኮምፓስ አንድ ብቻ ስለነበር የእኛ ቡድን ተራ የደረሰው ቅዳሜ ነው። እርምጃ የምቆጥረውም ካርታውን የምስለውም እኔ ሆንኩ። ሥዕል እችላለሁ ባይ ነበርኩ፤ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው የእኔ ካርታ እንደሚሆንም ልቤ ነግሮኛል።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ በግራ በኩል የጫልቱ አያት ማሳ አለ። ከድሮም የዚያው አካባቢ ገበሬ ናቸው። የወንዙን ውሃ በቦይ ጠልፈው ቆስጣና ካሮት ያለማሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ አንዱ ሾፌር፣ አንዷ ገበያ ላይ አትክልት ሻጭ ነበሩ። ሲያዩን አስቆሙን። «ኢንተላ ኮ» ብለው ጠሩኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ካሮት ነቅለው፣ ከጀሪካን ውሃ አጥበው ለአራታችንም ሰጡን። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር፤ የዚያን ካሮት ጣፋጭነት ዛሬም አልረሳውም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ መራመድ አቃተኝ። ጫልቱ «አምጪ፣ እኔ ልቁጠር» አለችና የቀረውን መንገድ እሷ ረገጠችው። እኔ ከኋላ እያነከስኩ የምትለኝን ቁጥር እጽፋለሁ።

እሑድ ጎፋ ቤታችን ቁጭ ብዬ ካርታውን ሳወጣ ነገሩ አልገጥም አለኝ። በሩ ላይ ተመልሶ መዘጋት የነበረበት መስመር በሩ ጋ ሳይደርስ መሃል ሜዳ ላይ ቀረ። ደግሜ ደመርኩ፣ አሁንም ያው ነው። መሸብኝ፣ ተናደድኩ። መጨረሻ ላይ ላጲሴን አነሳሁና ከቁልቁለቱ መንገድ ላይ የተወሰነውን ቆረጥኩት። ድልድዩ ወደ ላይ ከፍ አለ፣ መስመሩም ገጠመ። የተቆረጠው ቦታ የአያቷ ማሳ የነበረበት ነው። ማሳ እንጂ ቤት አይደለም፣ ማን ያየዋል ብዬ ወንዙን ሰማያዊ ቀባሁና ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ካርታውን ዘረጋሁላት። እንድታደንቅልኝ እየጠበቅኩ ነበር። ጫልቱ በጣቷ ከበሩ ጀምራ ወደ ድልድዩ ወረደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች።

«የአባባ ማሳ የታለ?»

«አልገጥም ሲለኝ ነው። ትንሽ ቦታ እኮ ናት።»

«ካሮቱን የበላሽበትን ቦታ ነው የቆረጥሽው» አለችኝ። አልጮኸችም። ደብተሯን ሰብስባ ኋላ ዴስክ ሄዳ ተቀመጠች።

ያን ቀን አንድም ክፍለ ጊዜ አልገባኝም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከጎኔ ተለይታ አታውቅም፤ ባዶው ቦታ በረደኝ። ካርታው የሚሰበሰበው ከሰዓት ነው፤ ዝም ካልኩ ሠላሳው ኪሴ ነው፣ ጫልቱ ግን አትመለስም። በምሳ ሰዓት ስታፍ ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ። ቲቸር መስፍን ሲወጡ ሁሉንም አፈረጥኩላቸው። የቁጣ መዓት ስጠብቅ ደብተሬን ተቀብለው ቁጥሮቹን ማየት ጀመሩ።

«የረገጠው ማን ነው?»

«እስከ ድልድዩ እኔ። ከዚያ ጫልቱ።»

«ሜትሩን ያወጣሽው በማን እርምጃ ነው?»

ሁሉንም በራሴ አጭር እርምጃ ነበር ያባዛሁት። የእሷ መንገድ አጥሮ የቀረው ለዚያ ነው። ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «ምድሩን ከምትቆርጪ ቁጥሩን ብትመረምሪ አይሻልሽም ነበር?» አሉኝና እስከ ማግስቱ ጊዜ ሰጡኝ። አምስት ማርክ ቆረጡብን፤ ስህተቱንም ከካርታው ሥር እንድጽፍ አዘዙኝ።

ክፍል ተመልሼ ኋላ ዴስክ ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ «ያንቺ እርምጃ ስንት ነበር?» አልኳት።

«መቶ ሃያ አምስት» አለች ሳታየኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከትምህርት በኋላ ተቀምጠን እንደ አዲስ ሠራነው። መስመሩ በሩ ላይ ሊደርስ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀረችው፤ ቲቸር እሷን አትንኳት አሉን። ማርኩ ከገባ በኋላ ካርታውን ለአያቷ ወስደን አሳየናቸው። ጫልቱ ማሳቸውን በጣቷ ጠቆመችላቸው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩትና፣ «ጥፍር አታክልም እኮ። በዚህች ነው ሰባት ልጅ ያሳደግኩት?» ብለው ሳቁ።

ዛሬ ልጆቼ ከሀይሌ ጋርመንት ጎፋ ለመሄድ እንኳን ስልክ ላይ ካርታ ይከፍታሉ። ሳይሳሳት ያደርሳቸዋል፤ ጎበዝ ነው፣ አልቀናበትም። ማሳው ግን የለም። አያቷ ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ ቤት ሠራበት፤ ጫልቱም ባሏንና ልጆቿን ይዛ የምትኖረው እዚያው ነው። በወር አንዴ ሳልሄድ አልቀርም። ጎረቤቶቿ እንዴት እንደተዋወቅን ሲጠይቁ መልሷ አንድ ነው፤ «ይቺ ናት እኛን ከምድር ላይ ልታጠፋን የነበረችው» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን በምሳ ሰዓት ስታፍ ደጃፍ ባልቆም ኖሮ ግን፣ ሠላሳውን ከሠላሳ ይዤ፣ ይህን በር የማንኳኳበት ፊት አይኖረኝም ነበር።